የእናቴን አባት የቀየሩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ባሕር ዛፍ አስጭኖ መጣ። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበርና ሲልጡት ሽታው መንገዱን ሞላው። ከጎኑ የተደረደረው አዲስ ቆርቆሮም ፀሐይ መትቶት የራሱን ሽታ ይሰጣል። ሌላው መንገደኛ አየሩን እየሳበ አለፈ። እኔ ግን ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም አልነበረም።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎንደር ዳር የተከራየንበት ግቢ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። አጥሩ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነበር። አምስት ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረው በመካከላቸው አንዲት ቧንቧ ነበረች። በአምስቱም ክፍል ያሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ይጠብቁ ነበር፤ ወደ እስራኤል መሄድን። ያን እየጠበቁ ደግሞ እርስ በርሳቸው በዓይን ይጠባበቁ ነበር።

እኛ የመጣነው ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን መንገድ ከምትርቅ መንደር ነው። አባቴ በሬዎቹን ሸጦ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ እናቴንና እኔን፣ የራሱንም አባት ይዞ ክረምቱ ሲወጣ ወረደ። አያቴ ቸኮል ይባላሉ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ እንደ እሳቸው የታገሠ ሰው አላየሁም። ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የመንደሩ ሰው ቀን ማረሻውን ያስመታቸውና ማታ ልጁን ከእኛ ዓይን ይደብቃል፤ «ፈላሻ ናቸው፣ ይበላሉ» እያለ። እኔ ግን አያቴ በየዓመቱ ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል ነጭ ለብሰው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሲሳለሙ እያየሁ ነው ያደግሁት። አያቶቻቸው በችግር ዘመን ተጠምቀዋል። ጎንደር ስንገባ ደግሞ ቅዳሜ እሳት አይነካም ተባለ። የቱ ነው እውነተኛው? ብዬ አሰብኩ እንጂ አልጠየቅሁም። መጠየቅ አደገኛ መሆኑ ወዲያው ገብቶኝ ነበር።

አባቴ በገባን በሁለተኛው ቀን ፊቱ አስቀምጦ መከረኝ።

«ዝናሽ፣ ሰው የማን ልጅ ነሽ ቢልሽ ምን ትያለሽ?»

«የሙላት።»

«ሌላ ቢጠይቅሽ?»

«አላውቅም እላለሁ።»

«ሸጋ። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚጠይቅሽ ሁሉ ወዳጅ እንዳይመስልሽ።»

ነገሩ የመጣው ከቢሮው ነው። ቢሮው ወደ እስራኤል የሚሄደውን ሰው የሚመዘግብ፣ ከወገናችን ጸሎት ቤት ጎን ያለ ረጅም ቤት ሲሆን ፋይል የሚባል ነገር እዚያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይጠፋል። አባቴ «የዘር ሐረጋችንን ማቅረብ አለብን» ሲል ሰማሁና የአያቴን ጓዝ ፈታትሼ አየሁ። እኔ የማውቀው ሐረግ አጥር ላይ የሚወጣውን፣ ዛፍ ጠምጥሞ የሚያደርቀውን ነው። ይህን ተክል ከመንደር ሳናመጣው ረስተነው ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

አያቴ ሳቁና ሐረጉ በአፍ እንደሚያዝ ነገሩኝ። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቅን ሰባት አባት ያስቆጥሩኝ ጀመር። የአባቴን ወገን በሦስት ቀን ያዝኩት። የእናቴ ወገን ጋ ስንደርስ ግን አያቴ ፊታቸውን አዞሩና አባቴ መጣ።

«የእናትሽ አባት ደሴ ይባላል» አለኝ።

«መሪጌታ ኃይሉ አይደሉም?»

«ደሴ ነው አልኩሽ።»

የእናቴ አባት መሪጌታ ኃይሉ በትክል ድንጋይ አካባቢ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው የሞቱ ሰው ናቸው። ጢማቸው ጉንጬን ሲወጋኝ አስታውሳለሁ። ደሴ የተባለውን ሰው ግን አይቼው አላውቅም። የአያቴ የአጎት ልጅ ነበር አሉ፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ። የመሪጌታ ልጅ ናት ከተባለ መሄዳችን ይቀራል ብለው እናቴን የእሱ ልጅ አድርገው በቢሮው አስመዝግበዋታል። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ምስር ትለቅም ነበር። አንገቷን ሳታነሣ ጠጠሩን ከምስሩ እየለየች ትጥላለች።

ስለምንሄድበት አገር ሁሉም በየፊናው ይነግረኛል። የዕብራይስጥ መምህራችን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ በአንዲት ክፍል ካርታ ሰቅሎ «አገራችሁ ይህች ናት» አለን። አገሪቱ ቃሪያ ትመስላለች። ቀጭን ናት፣ ወደ ታች ጫፏ ይሾላል። ከጎኗ ያለው ሁሉ ይበልጣታል። ጎንደርን ፈልጌ ከዚያች ቃሪያ ጋር አስተያየሁና ፍርሃት ያዘኝ። በአምስቱ ክፍሎች ያለነው ሰዎች፣ በጸሎት ቤቱ የሚሞላው ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ይገባባታል? አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ቦታ ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ ነው ለካ የሚጠራጠሩት፤ ስለዚህ ነው አንዱ ሲጠራ ሌላው ፊቱ የሚከፋው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ብቻዬን ነው የደረስኩበት። ለብዙ ወር ትክክል ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

አያቴ ስለ አገር ሲያወሩ ደግሞ ካርታ የለም። የአያታቸው አባት በሕፃንነቱ ወደ ኢየሩሳሌም በእግር መጓዙን ነው የሚነግሩኝ። አንድ የወገናችን መነኩሴ ጊዜው ደረሰ፣ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ሕዝቡን አስነሡት። ሰው ከብቱን ጥሎ፣ ልጁን አዝሎ ወደ ሰሜን ነጎደ። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና ንዳድ በላቸው።

«ባሕሩ ተከፈለ?» አልኳቸው።

«ባሕሩ ጋ አልደረሱም።»

«ታዲያ የዋሸው ማነው?»

 «መንገዱ ረዘመ እንጂ የዋሸስ የለም» አሉኝ። «ስሚኝ ልጄ፤ እኛ የምናርሰው መሬት ርስታችሁ አይደለም ሲሉን ነው የኖርነው። ማረሻውን ሠርተን መሬቱን ተከለከልን። ሰው እግሩ ያለበትን መሬት ከከለከሉት ዓይኑን አሻግሮ ይጥላል። ማን ይፈርድበታል?»

እኔ ግን አላመንኳቸውም። አንድ ሰው መዋሸቱ አይቀርም ብዬ ነው ያሰብኩት። ወይ መነኩሴው ወይ ባሕሩ።

በግቢው ጓደኛዬ የሺ ነበረች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ እትዬ ጥሩነሽ ከጭልጋ በኩል የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከአጥር ውጪ የሚሰማ ሴት ናት። እሑድ እሑድ የእኔንም የየሺንም ፀጉር በተራ ትሠራናለች። እጇ ሲጎትት እንባ ያመጣል፤ «ውበት ዝም ብሎ አይመጣም» እያለች ትስቃለች። ስትሠራኝም ትጠይቀኛለች። የእናትሽ አገር ወዴት ነው? አያትሽ በሕይወት አሉ? እኔ የአባቴን ምክር አስቤ አንገቴን አደነድናለሁ። አሁን ሳስበው ሴትዮዋ ራስ ስትሠራ ከማውራት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

የእኔና የየሺ ጨዋታ ቢሮ ቢሮ ነበር። አንዳችን ጠያቂ፣ አንዳችን ተጠያቂ እንሆናለን። ጠያቂው ጀሪካን ላይ ይቀመጥና እንደማይገባው ሰው ፊቱን ያኮሳትራል። ከእስራኤል የመጣው እውነተኛው ጠያቂ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው። አንድ ቀን የሺ ጀሪካኑ ላይ ወጣች።

«ስምሽ?»

«ዝናሽ ሙላት ቸኮል።»

«ቀጥይ! አትንተባተቢ!»

ሰባቱን አባት ዘረገፍኩላት።

«የእናትሽ አባትስ?»

እንዲያ ስትቆጣ እውነተኛ መሰለችኝና ከአፌ አመለጠኝ። «መሪጌታ ኃይሉ።»

የሺ ከጀሪካኑ ወረደች። «መሪጌታ? የቤተ ክርስቲያን?»

«ደሴ ነው» አልኩ ቶሎ። «ደሴ ነው የሚባለው። ጨዋታ ነው።»

የዚያን ቀን ደግመን አልተጫወትንም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ቢሮ ተጠራ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስም የሌለው ደብዳቤ ደርሷል። አስተርጓሚው አንብቦለታል። የሙላት ሚስት የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ደሴ የተባለው ልጅ አልወለደም፣ የሙላት አባትም ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የኖሩ ናቸው ይላል። ፋይላችን ቆመ።

«ማነው?» አለ አባቴ መሬቱን እያየ። «በዚህ ከተማ የአማቴን ስም የሚያውቅ ማነው? ከመንደር አንድ ሰው ተከትሎን አልመጣ።» ቀና አለና ወደ እናቴ አየ፣ ወደ አባቱ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። 

«ለየሺ ነግሬያታለሁ» አልኩ። «በጨዋታ።»

አባቴ ወጣ። እትዬ ጥሩነሽ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ውኃ ትቀዳ ነበር።

«ጥሩነሽ፣ ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«ምኑን አያ ሙላት?»

«የልጅ አፍ ሰምተሽ ቢሮ ወሰድሽው?»

«የምን ቢሮ? ሰውዬ ደህና ነህ?»

«ዝናሽ!» ብሎ ጠራኝ። «ለማን እንደነገርሽ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። የክፍሎቹ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። የሺ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ነበር።

«አንቺስ ለእናትሽ ነግረሻታል?» አላት አባቴ።

የሺ መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ፣ ነግሬያታለሁ» አለች።

«ነግራኛለች!» አለች እትዬ ጥሩነሽ ቀና ብላ። ውኃው ሞልቶ በእግሯ ላይ ይፈሳል። «ነግራኝ ሳቅኩ። ሌላ ሰው እንዳይሰማሽ፣ የሰው ቤት ይፈርሳል አልኳት። ይህ ነው ጥፋቴ? ደግሞስ እኔ መጻፍ እችላለሁ?»

«አስጽፈሻል።»

«ልጄ ትሙት አላስጻፍኩም!»

 እናቴ በራችን ውስጥ ቆማ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች። ያኔ ንዴት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እነ የሺ ቧንቧ ጋ ሲመጡ ሰልፉ ዝም ይላል። በጸሎት ቤት እትዬ ጥሩነሽ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ከጎኗ ክፍት ቦታ ይቀራል። መንደር ሳለን ለእኛ ይተውት የነበረው ክፍት ቦታ እንደዚያ ነበር፤ ስፋቱን አውቀዋለሁ። እዚያ «ፈላሻ ናችሁ» ብለው ሸሹን፣ እዚህ ደግሞ «አይደላችሁም» እየተባባልን እንሸሻሻለን። ፀጉሬንም የሚሠራኝ ጠፋ። እናቴ አንድ ጉንጉን ብቻ ታሥርልኝና ትተወኛለች።

አንድ ቀን ደብተሬን ስከፍት የመሐሉ ወረቀት ተገንጥሏል። ማንንም አልጠየቅሁም። አባቴ እስከ አራተኛ ተምሯል፤ ቀስ ብሎ ይጽፋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እነ የሺ ቢሮ ተጠሩ። ጥሩነሽ የቤተ እስራኤል ወገን አይደለችም የሚል ደብዳቤ መጥቷል ተባለ፤ የእነሱም ፋይል ቆመ። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይኔን የሳበችው እናቴ ናት። እትዬ ጥሩነሽ ሰልፍ ሳትይዝ የምትመለስበት ቀን እናቴ ውኃ ሞልታ በራቸው ላይ አስቀምጣ ስትሮጥ ሁለት ጊዜ ያዝኳት። ለጠላታችን ውኃ ታቀብላለች! ከእሷ ጋር አንድ ነገር እየዶለተች ነው አልኩ ለራሴ። እናም ሐሙስ ቀን ገበያ ልሂድ ብላ ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት።

ወደ ገበያ አልወረደችም። ወደ ቁስቋም አቅጣጫ ዳገቱን ያዘች። እኔ ከግንብ ወደ ግንብ እየተጠጋሁ ሄድኩ። ከፍርስራሹ ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ከጽዱ ሥር፣ እናቷ፣ የመሪጌታ ኃይሉ ሚስት፣ ከገጠር መጥታ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ልጇ ስትጠጋ ያወቀቻት በእግሯ ኮቴ ነው። ከጎኗ የእናቴ ወንድም አጎቴ ልሳነወርቅ ቆሟል። እሱ በዚያ ዓመት አባቴ ሳያውቅ ቁስቋም የገባ የቅኔ ተማሪ ነበር። ከግንቡ ጀርባ ተቀመጥኩ።

«አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለች እናቴ።

«የመጀመሪያው አልበቃሽም?» አለ አጎቴ።

«የመጀመሪያው የሰው ቤት አፈረሰ። ያቺ ሴት ምንም አታውቅም። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ስምሽ ይግባ?»

«ይግባ።»

«ዝም በይ ልጄ» አለች ሴት አያቴ እጇን ዳብሳ ይዛ። «ዝም ካልሽ ይረሳል። ባልሽ ቤቱን ይበትንብሻል። ሁሉም በእኔ ጦስ መጣ፤ ማን ይቀብረኛል እያልኩ ሳለቅስብሽ።»

«በአንቺ ብቻ አይደለም እማዬ። አባቴን ሰረዙብኝ። ልጄ የአያትሽ ስም ማነው ስትባል የማላውቀውን ሰው ስም ስትጠራ እሰማታለሁ። ልጅ ናት፣ እውነት አድርጋ ትይዘዋለች። አገር ለማግኘት አባት መካድ ካለብኝ ይቅርብኝ አልኩ። ቀረ። ግን በሰው አንገት ላይ መሆኑን አላወቅሁም።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለተኛ አልጽፍም። የመጀመሪያውንም በጻፍኩበት እጄ አፍራለሁ። ቀለም ያበላሸውን ቀለም አያጥበውም። በአፍሽ ተናገሪ።»

ከግንቡ ጀርባ ምን እንደተሰማኝ ብናገር አያምርም። መጀመሪያ ያሰብኩት እናቴን አይደለም። እትዬ ጥሩነሽን ጣቴን ዘርግቼ ያሳየሁት እኔ መሆኔን ነው። ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ነበር። እናቴ በራሷ ቤት ላይ ደብዳቤ ካስጻፈች ከእንግዲህ ማንን አምናለሁ? ከእሷ ቀድሜ ሮጬ ተመለስኩ። ለቀናት የቀረበልኝን ምግብ አያቴ ካልቀመሱት አልነካም ነበር። እናቴ አሞሻል ብላ ግንባሬን ስትዳብሰኝ እሸሻለሁ። አልነገርኳትም። ለአባቴም አልነገርኩም። የሺ በአጠገቤ ስታልፍ ደብተሬ ውስጥ እደበቃለሁ።

በኅዳር ስግድ ደረሰ። ስግድ የወገናችን ትልቅ በዓል ነው፤ ሰው ጾሞ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። አያቴ እንደ ጥንቱ ሁሉም ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ይውጣ አሉ፤ ሰው ለፈጣሪው ራሱን ዝቅ ማድረጉን ማሳያ ነው። ከግርጌው ሁሉም ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አነሣ። እናቴ የወፍጮ መጅ የሚያህል አነሣች።

«ያልጋነሽ፣ ትንሽ ይበቃል» አሏት አያቴ።

«ለእኔ አይበቃኝም፣ አባባ።»

አያቴ አተኩረው አዩዋት። ዳገቱንም ከአጠገቧ ሳይለዩ ወጡ።

ከላይ ቄሶቹ በጥላ ሥር ኦሪቱን አነበቡ። ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ዞሮ እጁን ዘረጋ። እኔ በሕዝቡ መሐል ሆኜ ፊቶችን እቆጥር ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ደብዳቤ የጻፈው ስንቱ ነው እያልኩ። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ድንጋዩን እያስቀመጠ ወደ ዳቦው ሲንቀሳቀስ እናቴ አላስቀመጠችም። ድንጋዩን ከራሷ ወደ ማጅራቷ አውርዳ፣ ጎንብሳ፣ በሴቶቹ መሐል አለፈችና እትዬ ጥሩነሽ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ደብዳቤውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ለሁሉም ተሰማ። «የመሪጌታ ኃይሉ ልጅ ነኝ። አንቺ ንጹሕ ነሽ። ይቅር በይኝ።»

በአገራችን ይቅር ያለ ሰው ድንጋዩን ከአጥፊው ማጅራት ላይ ያነሣለታል። እትዬ ጥሩነሽ እጇን አጣምራ ቆመች። አባቴ ከወንዶቹ ወገን ሁለት እርምጃ መጣና ቆመ።

«ምነው እስከ ዛሬ?» አለች ጥሩነሽ።

«ፈርቼ።»

«ልጄ ከልጆች ተለይታ ስትቀመጥ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

«እንግዲያ እዚህ አላነሣልሽም። እዚህ ያለው ሰው ፋይል አይከፍትም። ቢሮ ድረስ ተሸክመሽው ሂጂ፤ እዚያ ስትናገሪ አነሣልሻለሁ።»

ቢሮው በበዓል ዝግ ነበር። ድንጋዩ አንድ ሌሊት ደጃችን ላይ አደረ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ማጅራቷ ላይ አድርጋው በአስፋልቱ ዳር ወረደች። ባጃጆች እየቆሙ ያዩዋታል። አያቴ ከዘራቸውን ይዘው ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ከእኛ ራቅ ብለው እትዬ ጥሩነሽና የሺ ይመጣሉ። አባቴ ቤት ቀርቷል።

በሩ ላይ ጥበቃው አገደን። «ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ልትወረውረው አይደለም» አሉት አያቴ።

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?»

«ልትናገርበት።»

አልገባውም። እናቴ ድንጋዩን በር ላይ አስቀምጣ ከአያቴ ጋር ገባች። እኔ በመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ። እናቴ የአባቷን ስም ተናገረች። አስተርጓሚው ቀስ እያለ ያሳልፈዋል። ጠያቂው የምትለውን ታውቂያለሽ ወይ፣ በራስሽ ላይ ነው የምትመሰክሪው ሲል አስጠየቃት። «አውቃለሁ» አለች። ከዚያ የአያቴ ድምፅ መጣ።

«ስለ ጥሩነሽ የደረሳችሁን ደብዳቤ የጻፈው ልጄ ሙላት ነው። በቂም ነው የጻፈው፤ እውነት የለበትም። እኔም አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስስም የኖርኩ ነኝ። አባቶቼ ግን የነገርኳችሁ ናቸው። አሁን ሁሉንም ጻፉት። ሐረጉ እንዳለ ይቀመጥ፣ የደረቀውም የለመለመውም።»

ሲወጡ እናቴ ድንጋዩን መልሳ ተሸከመች። እትዬ ጥሩነሽ ቀረብ አለችና በሁለት እጇ አንሥታ ቦዩ ውስጥ ጣለችው። አልተሳሳሙም። ሁለቱም ተራ በተራ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

የእነ የሺ ፋይል ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። የእኛ ሐሰት የተገኘበት ተብሎ ተቀመጠ፤ እስካሁንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። አባቴ እስከ ጥር ድረስ እናቴን በስሟ አልጠራትም። አንድ ጊዜ ብቻ «በእጅሽ አነቅሽኝ» ሲላት ሰማሁ። እሷም «አንተም አባቴን ሁለተኛ ቀበርከው» አለችው።  

አያቴ ናቸው ነገሩን ያለሰለሱት። አንድ ጠዋት ሳይናገሩ ወጥተው ከሰዓት በኋላ የእናቴን እናት ክንዷን ይዘው መጡ። አባቴ በር ላይ ተነሣ።

«ወዴት ነው የምታስገባት፣ አባቴ?» አለ። «ግቢው ሁሉ ያየናል።»

«ይየን። ከዚህ ወዲያ የምንደብቀው ምን አለ?» አሉ። «ይህቺ ልጅ ደብዳቤ ያስጻፈችው እናቷን የሚቀብር አጥታ ነው። ቀድመን ብንጠይቃት ኖሮ ወረቀት አያስፈልጋትም ነበር።»

የመሪጌታው ሚስት እኛው ጋ ቀረች። ከአያቴ ጋር አንዱን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን አያቴ ስለ ኢየሩሳሌም ሲያወሩ ሰማቻቸውና ደነቃት።

«እኛስ ኢየሩሳሌምን አንሳለምም እንዴ? ባለቤቴ ሊሄድ ተስሎ ነበር።»

«እናንተ ተሳልማችሁ ትመለሳላችሁ» አሏት። «እኛ ለመቅረት ነው።»

«ለመቅረትማ ሰው እዚህም ይቀራል።»

አያቴ ቦታዋን ከፀሐዩ ጋር እንድታዞር ክንዷን ደገፉላት።

እነ የሺ ለጉዞ የተጠሩት ከፋሲካ በፊት ነው። አውቶቡሱ ከጸሎት ቤቱ ፊት ቆሞ ሰዉ ይላቀሳል። እናቴ መውጣት አቅቷት ቤት ቀረች፤ እኔ ግን ሄድኩ። እትዬ ጥሩነሽ ጓዟን አስጭና ስታየኝ ጠራችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ያኔ ቧንቧው ጋ ጣትሽን የቀሰርሽብኝ አምነሽ ነው ወይስ አባትሽን ፈርተሽ?»

ስለ ቁስቋም፣ ስለ ግንቡ፣ ሁሉን አውቄ ዝም ስላልኩበት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «አምኜ ነበር» አልኩ። «ኋላ ግን እውነቱን አውቄም ዝም አልኩ። ከስግድ በፊት አውቄያለሁ።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ።

«እናትሽን ይቅር ብያታለሁ፤ ድንጋይ ተሸክማለች» አለች። «አንቺ ግን ልጅ ነሽ፤ በልጅ ላይ ድንጋይ አይጫንም። አንቺን ይቅር የምልሽ ስታድጊ ነው።»

ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች። የሺ በወዲያኛው መስኮት በኩል ተቀምጣ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። አውቶቡሱ ዞሮ ቁልቁል ሲወርድ ሌላው ሰው እጁን አውለበለበ። እኔ እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ቆሜ ነበር።

አሁን አድጌያለሁ። እትዬ ጥሩነሽ በየትኛው ከተማ እንደምትኖር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።